አታሳብደው

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አጭር ልብወለድ ጻፍኩ። ታሪኩ የሚያልቀው ዱርቤቴ ውስጥ ነው። የደርግ ወታደር የነበረ ሰው ከጦር ሜዳ ይመለሳል፤ ጥቂት ገጽ በሰላም ይኖራል፤ ከዚያ አንድ የገበያ ቀን፣ አገር በተሰበሰበበት፣ የጥይት ድምፅ ይሰማና ጨርቁን ጥሎ ያብዳል። በበርበሬ ነጋዴዎች መሀል ራቁቱን እየሮጠ የሞቱ ጓደኞቹን ስም ይጠራል። መጨረሻው ላይ ዝናብ ይዘንባል። ምን ላድርግ፣ ያኔ የማውቀው አጨራረስ ዝናብ ብቻ ነበር።

ለጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ወደዱት። አንዱ «እንባዬ መጣ» አለኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ኮዴን አይቶ እንባው የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበተ። ከዚያ ጽሑፉ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የአጎቴ ልጅ እጅ ገባ። የመለሰችልኝ ሁለት ቃል ነው፦ «አባዬን አሳበድከው።»

እውነቷን ነው። ስሙን ቀይሬያለሁ፤ ሰውዬው ግን አባቷ ነበሩ። እግር ጎተት ማድረጉ የሳቸው ነው፣ ሲጠየቁ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉበት መንገድ የሳቸው ነው፣ ቤቱም የሳቸው ነው። እኔ የጨመርኩት እብደቱን ብቻ ነው። «ልብወለድ እኮ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። አልመለሰችም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች መልእክት የዘገየ መልስ ነው። ጥያቄው የኔ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ጦርነት ያለፈበት፣ አሁንም ያላለፈበት አገር ልጆች ነን። ከእኛ ውስጥ የሚጽፍ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ የተጎዳ ሰው ይጽፋል። እንዴት ነው የሚጻፈው? መጻፍስ ይገባናል ወይ?

*

መጀመሪያ እውነተኛውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። (ተፈቅዶልኝ ነው፤ መታወቂያ የሚሆኑ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።)

አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። በብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው የሄዱ ናቸው። አዋጁ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ገና ጢማቸው ሳይወጣ ተያዙ። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ብዙው ወታደር በእግራቸው፣ በየደጁ እንጀራ እየለመኑ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በቆሎና ዳጉሳ እያረሱ አራት ልጅ አሳደጉ። እድር ይከፍላሉ፣ ማኅበር ይጠጣሉ፣ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ይጠራሉ።

ጨርቃቸውን ጥለው አያውቁም። መጣል ቀርቶ ማታ እንኳ አውልቀው አይተኙም። ባለቤታቸው እትዬ እንደነገሩኝ፣ ከተጋቡ ጀምሮ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ከራስጌ አድርገው ነው የሚተኙት። ሰው ቤት ሲገቡ በሩን ወደሚያሳይ ቦታ ይሄዳሉ። እኛ አገር ሠርግ ያለ ተኩስ አይደምቅም፤ ጋሼ ሠርግ ቤት ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ሙሽራው ሳይገባ ግን ሰበብ ፈጥረው ውልቅ ይላሉ። ሰው «ኩሩ ናቸው» ይላል። ልጆቻቸውን መትተው አያውቁም፤ ታናሽየው ልጅ ከኋላ መጥቶ ዓይናቸውን ሲሸፍን ግን አንድ ጊዜ ክንዱን ሊሰብሩት ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አልተናገሩም።

ደግሞ ወፍጮው አለ። ከቤታቸው አለፍ ብሎ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ነበር። ዶፍ ዶፍ ዶፍ እያለ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። እኔ ልብወለዱን ስጽፍ የሚያስበረግጋቸው ጩኸት ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥይት፣ ነጎድጓድ፣ የሚፈነዳ ጎማ። እትዬን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ወፍጮው ሲጮህማ እንቅልፍም ይወስደዋል» አሉኝ። «ቀጥ ሲል ነው የሚነሣው። ዝም ሲል።» ወፍጮው በቆመ ቁጥር ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሥተው ይወጣሉ፣ አጥሩን ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ለምን እንደሆነ እትዬም አያውቁም። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው አልጠየቁም።

እንግዲህ የኔን ወታደርና ይህን ሰው አስተያዩ። የኔው ወታደር እንደ ጀማሪ ፕሮግራመር ፈንክሽን ነው የተጻፈው፦ ጦርነት ይገባል፣ እብደት ይወጣል። በመካከል ምንም የለም። ጥይት ሲጮህ ይጮሃል። እውነተኛው ሰው ግን መቼም እንደዚያ አይሠራም። በሙያችን ከሁሉ የሚከብደው ስትፈልገው የሚጠፋው፣ ሳትጠብቀው የሚመጣው ስሕተት ነው። ምክንያቱና ምልክቱ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ምሕንድስና አምስት ዓመት ተምሬ ይህን ለማሽን አውቄ፣ ለሰው ግን ረስቼው ነበር።

*

ስሕተቱን በራሴ ብቻ አላላክክም፤ ወርሼዋለሁም። አማርኛችን በጤነኛና በእብድ መካከል ብዙ ቦታ አልተወም። «ነካ ያደርገዋል»፣ «ወፈፍ ያደርገዋል» የሚሉ ቃላት አሉ፤ ግን እነሱም መንገድ ላይ ያሉ ጣቢያዎች ናቸው፤ መዳረሻው ያው ጨርቅ መጣል ነው። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል እንኳ ስሙ መሰዳደቢያ ሆኗል። ሰው ሊታከምበት የሚሄድበትን ቤት ስም ስድብ ካደረግን፣ ገና ያልታከመው ሰው ምን ብሎ ይናገራል?

ሥነ ጽሑፋችንም የራሱን እብድ አሳድጓል። እዚሁ ጎጃም ውስጥ የተወለደውን ዝነኛ «እብድ» ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጉዱ ካሳ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሳ ዳምጤ በሽተኛ አይደለም። የዘመኑን ሥርዓት አጥርቶ የሚያይ፣ ያየውን የሚናገር ሰው ነው። «ጉዱ» ያሰኘው ይኸው ነው። ደራሲው ያሳዩን፣ ማኅበረሰብ የማይወደውን እውነት ለማፈን «እብድ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚጠቀም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣን ጸሐፊዎች ግን ነገሩን ገልብጠን ያዝነው። እብድ የተባለው ሰው እውነት ተናጋሪ ከሆነ፣ እውነት ለማናገር እብድ መፍጠር ነው ብለን አሰብን። በየድራማውና በየአጭር ልብወለዱ መንገድ ዳር የቆመ፣ የተቦጫጨቀ ልብስ የለበሰ፣ ደራሲው በራሱ አፍ ሊናገር የፈራውን ፖለቲካ የሚናገር ሰው አለ። የኔው ወታደርም በበርበሬ ነጋዴዎች መሀል እየሮጠ ስለ ጦርነት ከንቱነት ንግግር አድርጓል። አሁን ሳነበው አፍራለሁ። በሽተኛ ሰው ሕመሙ ሳያንሰው የኔን ሐሳብ እንዲሸከም አደረግሁት።

*

የሕክምናው ዓለም ለዚህ ነገር ዛሬ የሚጠቀምበትን ስም ያወጣው በቅርብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች «ሼል ሾክ» ይሉት ነበር፤ የመድፍ ፍንዳታ አንጎልን ያናጋ መስሏቸው። ዛሬ ፒቲኤስዲ የምንለው ስም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የገባው ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በአማርኛ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን የሚሉት አሉ።

ምልክቶቹን ሐኪሞች በአራት ወገን ያስቀምጧቸዋል። አንዱ ያለፈው ነገር ሳይጠራ መምጣቱ ነው፤ በቅዠት ወይም በቀን ብርሃን። ሁለተኛው ያንን ከሚያስታውስ ቦታ፣ ሰው፣ ወሬ መሸሽ ነው። ሦስተኛው ስሜት መደንዘዝ፣ ራስን መውቀስ፣ ከሰው መራቅ ነው። አራተኛው የማያርፍ ንቃት ነው፤ መበርገግ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንገተኛ ቁጣ። ይህ ሁሉ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ኑሮን ሲያውክ ነው ሕመም የሚባለው።

ለጸሐፊ ከዚህ ዝርዝር የሚጠቅመው ምን መሰላችሁ? ከአራቱ ወገን ሦስቱ ከሩቅ አይታዩም። የሚሸሽ ሰው የትም ስለማይገኝ አይታይም። የደነዘዘ ሰው ጨዋ ይመስላል። የነቃ ሰው ጠንቃቃ ይመስላል። ጋሼን «ኩሩ» ያሰኛቸው ሽሽት ነው። እኛ ግን የምንጽፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ያውም ሲኒማ አስመስለን። በተጨማሪ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ ከባድ መከራ ካዩ ሰዎች አብዛኞቹ ይህ ሕመም አይዛቸውም። የያዘውም ሰው ለሌላው ሰው አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከመምታት ይልቅ መመታቱ ይብሳል። ስለዚህ «ጦርነት አይቷል፣ ስለዚህ ገደለ» ብሎ ታሪክ መቋጨት ሕይወትንም ሕክምናንም መዋሸት ነው።

ደግሞ አንድ የጎጃም ገበሬ «ፒቲኤስዲ አለብኝ» አይልም። «ልቤን ይመታኛል» ይላል፤ «ራሴን ያቃጥለኛል» ይላል፤ «ድንጋጤ መታኝ» ይላል። እናቱ ልክፍት ነው ትልና ጸበል ትወስደዋለች። ከተማ የተማረ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሁለት ፈተና አለበት፦ በእናትየው መሳቅ፣ ወይም ጸበሉን በአንድ ገጽ ተአምር ማድረግ። ሁለቱም ከሰዎቹ ሕይወት ውጪ ያሉ መፍትሔዎች ናቸው። እናትየዋ ልጇን ይዛ የሄደችው ያላት መንገድ እሱ ስለሆነ፣ ስለምታምንበትና ስለምትወደው ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ትዕይንት ውስጥ መግባት አለበት።

የገባበት ሥራ አለ። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያላያችሁ ካላችሁ ፈልጉት። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ጀርመን አገር የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦ፣ ጣና አካባቢ ወዳለው መንደሩ እናቱ ጋ ይመለሳል። ሌሊት ይቃዣል። መንደሩ በሽታውን በራሱ ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ ጸበልም ይጠመቃል። ወጣቶች ደግሞ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል፤ የጋሼ ዘመን ነው። ፊልሙን ሳይ የገረመኝ አቀማመጡ ነው። ጊዜው አይደረደርም። ያለፈው መጥቶ የአሁኑን ይቆርጠዋል፣ ተመልካቹም ልክ እንደ አንበርብር የት እንዳለ ለመያዝ ይታገላል። ስለ ሕመሙ ማንም ቆሞ አያብራራልንም፤ የታሪኩ አሠራር ራሱ ታሟል።

በሌላኛው ጫፍ የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብወለድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝኛ የወጣው። ሴፋ እስጢፋኖስ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ስደተኛ ነው። በደርግ ጊዜ ወታደሮች አባቱን ከቤት ወስደዋቸዋል። ሴፋ አይጮህም፣ ጨርቅም አይጥልም። ሱቁን ያረፍዳል። ዕቃው አቧራ ይለብሳል። ከሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ ጋር የአህጉሩን መፈንቅለ መንግሥታት እየቆጠረ ይጫወታል፤ ይስቃሉ። ሕይወቱን የሚጀምር ሰው አይመስልም፤ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ሦስተኛው ወገን፣ መደንዘዙ፣ እንዲህ ተጽፎ ያየሁት እዚያ ነው።

*

እስካሁን ያልኩት የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። የአጎቴ ልጅ የጠየቀችኝ ግን ስለ አጻጻፍ አልነበረም።

በአማርኛ ስንጽፍ እንግሊዝኛ ጸሐፊ የማያጋጥመው ምርጫ አለብን፤ «አንተ» ወይስ «አንቱ»፣ «እሱ» ወይስ «እሳቸው»። ጋሼን በሕይወቴ አንድ ቀን «አንተ» ብያቸው አላውቅም። በልብወለዴ ግን ከመጀመሪያው መስመር «እሱ» ነበሩ፤ ሮጠ፣ ጮኸ፣ ወደቀ። ደራሲ ለገጸ ባሕሪው «እሱ» ማለቱ የተለመደ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ነው። ግን ወደ ከተማችን መንገድ ውጡና ስሙ፤ ሽበት ያለውን ሰው ሁሉ «አንቱ» የሚል ልጅ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሽማግሌ «አንተ» ይለዋል። ሰው ሲታመምብን መጀመሪያ የምንነጥቀው አንቱታውን ነው።

ልጆች ሳለን መናኸሪያው አካባቢ የሚውል አንድ ሰው ነበር። ልብሱ አልቋል፤ ለራሱ ይናገራል። ድንጋይ እንወረውርበት ነበር፤ እኔም ወርውሬያለሁ። አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት ብቻ ጠዋት ጠዋት እንጀራ ሲሰጡት «ይብሉ እንጂ» ይሉት ነበር። ግራ ይገባን ነበር፤ ለእብድ ይብሉ ይባላል? ዛሬ ሳስበው እኚያ እናት ከእኔ የተሻሉ ደራሲ ነበሩ። ከመታመሙ በፊት ያለውን ሰው ረስተው አያውቁም።

ይህ ትዝታ ሌላ ስሕተት እንዳልሠራም ይጠብቀኛል። «እውነተኛው ሕመም ጸጥተኛ ነው፣ ስለዚህ የሚጮኸውን አትጻፉ» ብል መናኸሪያ የነበረውን ሰው እንደገና በድንጋይ ማባረር ይሆናል። እሱም አለ። ጨርቁን የጣለም ሰው አለ። ጥያቄው ጸጥታ ወይም ጩኸት መምረጡ አይመስለኝም። ጥያቄው ሰውየው ከሕመሙ ሌላ ምን አለው የሚለው ነው። ምን ያስቀዋል? በምን ሥራ ይመካል? ማን ይፈራዋል፣ ማን ይናፍቀዋል? የኔ ወታደር አንድም ቀልድ አያውቅም ነበር። ጋሼ ግን ሽምግልና ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን በሳቅ የሚያፈርሱ ሰው ናቸው። እሱን ትቼ እግራቸውን ብቻ ነው የሰረቅሁት።

ታዲያ ከእውነተኛ ሰው መውሰድ ክልክል ነው? አይመስለኝም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያወጣ አንባቢ ገጸ ባሕርያቱን ከዘመኑ ባለሥልጣናት ጋር እያዛመደ ነበር ያነበበው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ያ ደራሲ ከራሱ በላይ ኃይል ያላቸውን ሰዎች ገለጠ፤ ዋጋውንም የከፈለው ራሱ ነው። እኔ የገለጥኩት ግን መልስ መስጠት የማይችልን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላለመገለጥ የለፋን ሰው ነው። ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ ዱርቤቴ ላይ «የእብዱ ልጅ» ልትባል የምትችለው የአጎቴ ልጅ ናት። ሁለቱም ልብወለድ ይባላሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አንድ አይደሉም።

ሌላም ነገር አለ። ልብወለዴ ውስጥ ሁለት ገጽ ሙሉ የጦር ሜዳ ትዕይንት ነበር፤ ሥጋና ደም። ከየት አመጣሁት? ጋሼ አንድ ቃል ነግረውኝ አያውቁም። ከፊልም ነው ያመጣሁት። «ድኅረ» የሚለው ቃል አደጋው አልፏል ይላል፤ እኛ አካባቢ ግን ይህን የሚያነብ ልጅ ምናልባት ባለፈው ሳምንት ተኩስ ሰምቶ አልጋ ሥር ያደረ ነው። ለእሱ የኔ ሁለት ገጽ ምን ይጨምርለታል? አንባቢን ማስደንገጥ ቀላል ነው፤ የደነገጠን አንባቢ ማስደንገጥ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። አሁን የማምነው ቁስሉን ለማሳየት ቁስሉ የተከፈተበትን ቀን ማሳየት ግድ እንዳልሆነ ነው። ወፍጮው ቆመ፣ ሰውየው ተነሡ። አንባቢ ከዚህ በላይ ካስፈለገው ራሱ ይሙላው፤ እትዬም ሠላሳ ዓመት የኖሩት እንዲሁ ነው።

*

ልብወለዱን አጠፋሁት፤ የተላከላቸውንም እንዲያጠፉ ለመንኩ። ለአጎቴ ልጅ «ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከአንድ ወር በኋላ «እሺ» አለችኝ። ከዚያ አገር ቤት ስሄድ እትዬ ጓዳ ገብቼ ነገሩን በሙሉ ነገርኳቸው። አዲስ ልጽፍ እንደማስብም ነገርኳቸው። እንጀራ እየጋገሩ ነበር። አክንባሎውን ከፍተው፣ እንጀራውን አውጥተው፣ ሌላ እስኪያሰፉ ድረስ ምንም አላሉም።

«ጻፈው» አሉ በመጨረሻ። «ግን አታሳብደው፣ ልጄ።»

ከሰዓት ጋሼ ጋ ደጅ ተቀምጠን ሳለን ወፍጮው ቆመ። ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። ምንም ሳልጠይቅ አብሬያቸው አጥሩን ዞርኩ። በመንገድ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አወሩኝ፣ ስለ ደመወዜ ጠየቁኝ፣ ኮምፒውተር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚከፈለው ሰው ከገበሬ ይልቅ ቄስን ይመስላል ብለው ሳቁብኝ። አንዱ ጥግ ላይ ቆም ብለው ወደ ባሕር ዛፉ አዩ፤ እኔም አየሁ። ምንም አልነበረም። ተመልሰን ተቀመጥን።

አዲሱ ልብወለድ ላይ የሚሆነው ይኸው ብቻ ነው። ገና አልጨረስኩትም። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ግን «እሳቸው» እያልኩ ነው የምጽፈው።